ለስላሳውን ቢራ ፍለጋ፤ ከፒልዘን እስከ ኮሎኝ

ወደ ሰው አገር የሚሄድ ሰው ስለ ልብሱና ስለ ስንቁ፣ ስለ ቋንቋውም አስቀድሞ ያስባል፤ ስለሚቀርብለት ጽዋ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን በመንግሥት ጉዳይም ሆነ በትምህርት፣ በንግድም ሆነ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ቼክና ወደ ጀርመን አገር የሄደ ሰው ብዙ ቀን ሳይቆይ በአንድ ማዕድ ላይ መቀመጡ፣ የብዙ ዓይነት ቢራ ስም የተጻፈበትን ወረቀት መቀበሉ አይቀርም። እስከዚያ ቀን ቢራ ያልቀመሰ ሰው በዚያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ስሙ የገነነውን ይመርጥና በምሬቱ ፊቱን አጨማዶ ጋባዡን ያሳዝናል፤ ወይም ለምላሱ የጣፈጠውን ይመርጥና ኃይሉን ሳያውቅ ጠጥቶ በማግሥቱ ክብሩን ሲፈልግ ይውላል።

ስለዚህ በእነዚህ አገሮች ተዘዋውረን ያየነውንና የሰማነውን፣ በመጠኑም የቀመስነውን ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ መልካም መስሎ ታየን። ይህንንም የምንጽፈው የማይጠጣውን ሰው ጠጪ ለማድረግ አይደለም፤ መጠጣት የወደደ ሰው የሚጠጣውን ዐውቆ እንዲጠጣ ነው እንጂ። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት፣ የአገራችን ነው ካላልን በቀር፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በጉዞው አንድ ወጣት ባልደረባ አብሮን ነበረ፤ እርሱም በእናቱ ቤት ከቅራሪና ከብርዝ በቀር ሌላ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። አባቱ ባለሙያና የተከበሩ ሰው ሲሆኑ በመጠጥ ብዛት ከሥራቸው ወጥተው ቤታቸውን ለችግር የጣሉ ነበሩ። እናቱም ሲሸኙት፣ «ልጄ፣ በሰው ማዕድ ላይ አትቅመስ አልልህም፤ ቁጥሩን ግን አትርሳ» ብለውት ነበር። ይህን ቃል እዚህ ላይ የጻፍነው በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር የመጠጥ ምሬትና የመጠጥ ኃይል ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ይህን ለመረዳት ወደ ኤውሮፓ መሄድ አያስፈልግም፤ በቤታችን ምስክር አለ። ጠጅ በማሩ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ጣፋጭነቱን አምኖ ብርሌ በብርሌ ላይ የደገመ ሰው ሲነሣ እግሩ አይታዘዝለትም። ቅራሪ ደግሞ ጌሾው ምላስ ቢይዝም፣ ድፍድፉ ተደጋግሞ ውሃ የተጨመረበት ስለ ሆነ ኃይል የለውም። እንግዲህ ጣፋጩ ብርቱ፣ መራራው ደካማ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በኤውሮፓ ቢራም ነገሩ እንዲሁ ነው።

ቢራ የሚጠመቅበት መንገድ ከጠላችን የራቀ አይደለም። ገብሱ ተነክሮ ይበቅላል፤ ብቅሉም ደርቆ ይፈጫል፤ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ጣፋጩ ፈሳሽ ይወጣል። እኛ በጌሾ ምሬት እንደምንሰጠው እነርሱ ሆፕ በሚባል የሐረግ አበባ ያፈሉታል፤ ከዚያም እርሾ ይጨመርበታል። ልዩነቱ ይልቁንም በዕረፍቱ ነው። ላገር የሚባለው ዓይነት ቢራ ለሳምንታት በብርድ ቤት ይቀመጣል፤ ስሙም በጀርመንኛ ማከማቻ ማለት ነው። ይህ የብርድ ዕረፍት ሻካራውን ጣዕም እያለዘበ ይሄዳል።

ከፕራግ ወደ ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል በባቡር ከሄድን በኋላ ፒልዘን ደረስን። በከተማዪቱ መካከል ባለው ሰፊ አደባባይ የቅዱስ በርተሎሜዎስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ የግንቡም ጫፍ ከ100 ሜትር በላይ ወጥቶ ከሩቅ ይታያል። በ1838 ዓ.ም. የከተማው ሰዎች የሚጠመቅላቸው ቢራ ቢበላሽባቸው ተቈጥተው 36 በርሜል ቢራ በከተማው ሸንጎ ቤት ፊት እንደ ደፉ ይነገራል። ከዚህም በኋላ የመጥመቅ መብት የነበራቸው ሰዎች ተባብረው አዲስ መጥመቂያ ቤት አሠሩ፤ ከባቫርያም ዮሴፍ ግሮል የሚባል ጠማቂ አስመጡ። እርሱም በጥቅምት ወር በ5ኛው ቀን በ1842 ዓ.ም. በነጣ ብቅል፣ በዛቴትስ አውራጃ ሆፕና በከተማው ለስላሳ ውሃ ጠምቆ የወርቅ መልክ ያለው ጥሩ ቢራ አወጣ። ከዚያ በፊት በአገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጠጣው ቢራ ጠቈር ያለና ደፍረስ ያለ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚጠጣው ቢጫ ቢራ የዚህ የፒልዘኑ ልጅ ነው፤ በአገራችንም በጠርሙስ ከሚሸጡት ቢራዎች አብዛኞቹ ከዚህ ዘር ይቈጠራሉ።

ይሁን እንጂ የታወቀ ሁሉ ለጀማሪ አይመችም። ሙያተኞች የቢራን ምሬት በቁጥር ይለካሉ፤ የፒልዘኑ ወደ 40 ሲደርስ የሙኒኩ ለስላሳ ቢራ 20 ያህል ነው። ኃይሉ ግን ከሙኒኩ ያንሳል፤ ከመቶ 4.4 እጅ ብቻ ነው። ወጣቱ ባልደረባችን አንድ ጊዜ ጐንጨት አለና ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ይህ ቢራ ነው ወይስ የጌሾ ውሃ?» አለን። አሳላፊውም ነገሩን ከፊቱ ተረድቶ ሳይቀየም ሄደና ሌላ ብርጭቆ አመጣ፤ እርሱም ከታች ጥቂት ቢራ ሆኖ የቀረው ሁሉ እንደ ወተት የነጣ ርጥብ አረፋ ነበር። በአገሩ ቋንቋ ምሊኮ ይሉታል፤ ወተት ማለት ነው። አረፋው ሳይጠፋ ቶሎ የሚጠጣ፣ ምሬቱ የተሰበረ፣ ጣፈጥ የሚል ነው። ወደ ፒልዘን የሚሄድ ጀማሪ ይህን ወይም ማሌ የሚባለውን ትንሹን ብርጭቆ ቢጠይቅ አያፍርም። ተሽከርካሪ የሚነዳ ሰው ግን ይህንንም መተው አለበት፤ በቼክ ሕግ አንዲት ጠብታ እንኳ ለነጂ አልተፈቀደችም።

ከፒልዘን የተነሣው ባቡር በድንበሩ ያለውን ጫካ አልፎ በሬገንስቡርግ በኩል ወደ ሙኒክ ያደርሳል። በዚህ አገር የቢራ ነገር የመንግሥት ነገር ሆኖ የኖረ ነው። በ1516 ዓ.ም. የባቫርያ መሳፍንት ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በቀር ሌላ ነገር እንዳይገባበት በኢንጎልሽታት ከተማ ሕግ አወጡ። በዚያው መቶ ዓመት ደግሞ ጠመቃ ከቅዱስ ሚካኤል በዓል እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ድረስ በብርዱ ወራት ብቻ እንዲሆን ታዘዘ፤ በሙቀት ወራት የተጠመቀው ስለሚበላሽና የመጥመቂያውም እሳት ቤት ስለሚያቃጥል ነው።

ከዚህ ትእዛዝ የተነሣ ጠማቂዎቹ ለበጋ የሚሆነውን ቢራ የሚያኖሩበት ጥልቅ ጓዳ በመሬት ውስጥ ቈፈሩ፤ መሬቱም እንዳይሞቅ ቅጠለ ሰፊ የሆነውን የካስታኛ ዛፍ ከላይ ተከሉበት። ሕዝቡም ከጓዳው ቀዝቃዛውን ቢራ እየቀዳ ከጥላው ሥር መቀመጥ ለመደ። በከተማው ውስጥ ያሉት ምግብ ሻጮች ገበያችን ተወሰደብን ብለው ቢከሱ፣ ንጉሥ ማክሲሚልያን ዮሴፍ በ1812 ዓ.ም. ፍርድ ሰጠ፤ ይኸውም ጠማቂዎቹ በጓዳቸው ቢራና ዳቦ ይሽጡ፣ ሌላ ምግብ ግን አይሽጡ የሚል ነው። እኛ በፍርድ ጽሕፈት ያደግን ሰዎች ስለ ሆንን ይህን ፍርድ ወደድነው፤ ሁለቱንም ወገን ሳይጐዳ አስታረቀ። ሕዝቡም ምግቡን ከቤቱ ይዞ መምጣት ጀመረ። ዛሬ እገዳው ቢቀርም ልማዱ አልቀረም፤ እናቶች ከነልጆቻቸው በዛፉ ጥላ ሥር ገበታ ጨርቅ ዘርግተው፣ ዳቦና አይብ፣ በጨው የታሸ ነጭ ፍጅልም አቅርበው፣ ቢራውን ብቻ ከቤቱ ሲገዙ ይታያሉ። ሰካራም የሚበዛበት ቦታ አይደለም፤ የቤተ ሰብ ማዕድ ነው። ሰው በልቶ ስለሚጠጣ፣ እየተጫወተም ስለሚውል፣ መጠጡ ሳይቸኩል ይወርዳል።

ለጀማሪ የሚመከረውም ቢራ በዚህ ጥላ ሥር ይገኛል፤ ስሙ ሄለስ ነው፤ ብሩህ ማለት ነው። የፒልዘን ቢራ ዝና በሰሜን ጀርመን ገበያውን በያዘ ጊዜ የሙኒክ ሰዎች ጠቈር ያለውን ቢራቸውን ይዘው ዝም ማለት አልቻሉም፤ ሽፓተን የሚባለው መጥመቂያ ቤት በ1894 ዓ.ም. ነጣ ያለውን ቢራ አወጣ። ከፒልዘኑ የሚለየው ሆፑ ተቀንሶ ብቅሉ እንዲናገር በመደረጉ ነው። ኃይሉ ከመቶ 5 እጅ ያህል ነው። ባልደረባችን ይህን በቀመሰ ጊዜ ፊቱ አልተለወጠም፤ «ይህስ ገና ከምጣድ የወጣ የገብስ ዳቦ ይሸታል» አለ።

ከሄለስ ሌላ ከስንዴ ብቅል ጋር የሚጠመቀው ቫይስቢር አለ። በእርሾው ጠባይ የሙዝና የቅርንፉድ ሽታ ይሰጣል፤ ሙዝም ቅርንፉድም ግን አልገባበትም። ከነእርሾው ስለሚቀዳ እንደ ጉሽ ጠላ ደፍረስ ይላል። ምሬቱ ትንሽ ነው፤ ሆድ ግን ይሞላል። ከሁሉ ለዘብ ያለው ደግሞ ራድለር ነው፤ እኩሌታው ቢራ፣ እኩሌታው የሎሚ ለስላሳ ሲሆን፣ ኃይሉ ከመቶ 2.5 እጅ ያህል ነው። ስሙ ብስክሌት ነጂ ማለት ነው። አልኮል የሌለው የሚባለውም ቢራ በየቦታው ይገኛል፤ በጀርመን ሕግ እስከ ከመቶ ግማሽ እጅ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ፈጽሞ የማይጠጣ ሰው ወረቀቱን ማንበብ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ በሙኒክ ስላሉት ሁለት ወጥመዶች እንናገር። አንደኛው ማስ የሚባለው አንድ ሊትር የሚይዝ ትልቅ ብርጭቆ ነው። በ1810 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ሉድቪግ ልዕልት ቴሬዜን ባገባ ጊዜ የተጀመረው የኦክቶበርፌስት በዓል እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይከበራል፤ በዚያም የሚቀዳው ቢራ ሲጠጡት እንደ ሄለስ ለስላሳ ሆኖ ኃይሉ ከመቶ 6 እጅ ያህል ነው፤ የሚቀርበውም በዚሁ በሊትሩ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ስማቸው «አቶር» በሚል ድምፅ የሚጨርሱት ጠቈር ያሉና ጣፋጭ ቢራዎች ናቸው። የእነዚህ አባት ሳልቫቶር የሚባለው ነው፤ ጥንት የጳውላነር መነኮሳት በጾም ወራት እንደ ምግብ እንዲሆናቸው ብለው ወፍራም አድርገው ይጠምቁት እንደ ነበር ይነገራል። ዛሬ ኃይሉ ከመቶ 8 እጅ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ጣዕሙ ለምላስ ይስማማል፤ ጀማሪው ግን ጠጅን ያስታውስ።

ከሙኒክ ወደ ሰሜን ስንሄድ ባምበርግን አገኘን። ይህች ከተማ በሬግኒትስ ወንዝ ላይ፣ በድልድይ መካከል የተሠራ የጥንት ሸንጎ ቤት አላት፤ አሮጌው ከተማዋም በ1993 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዚህ የሚጠጣው የታወቀ ቢራ ብቅሉ በዛፍ እንጨት ጢስ የደረቀ ስለ ሆነ ጢስ ጢስ ይላል። ብዙ እንግዶች በሽታው ይደነግጣሉ፤ ባልደረባችን ግን አሽትቶ፣ «የእናቴ ጋን በወይራ ሲታጠን እንዲህ ነው» ብሎ ፈገግ አለ። መልኩ ጥቁር ነው፤ ኃይሉ ግን ከወርቅ መልኩ ከሄለስ ብዙ አይበልጥም፤ ከመቶ 5.1 እጅ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ብርቱ፣ ነጩ ደካማ ነው የሚለው የብዙ ሰው አሳብ እውነት አይደለም። የቢራ መልክ የብቅሉን አደራረቅና አቈላል ይናገራል እንጂ ኃይሉን አይናገርም።

የመጨረሻው ከተማ በራይን ወንዝ ዳር ያለው ኮሎኝ ነው። በ1248 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1880 ዓ.ም. የተፈጸመው ታላቁ ካቴድራል 157 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከባቡር ጣቢያው ሲወጡ ወዲያው በፊት ለፊት ይቆማል። ከእርሱም ጥቂት እልፍ ሲሉ መጠጥ ቤቶቹ ይገኛሉ። የከተማው ቢራ ኮልሽ ይባላል፤ ኃይሉ ከመቶ 4.8 እጅ፣ ጣዕሙም ቀላልና ንጹሕ ነው። በ1986 ዓ.ም. ጠማቂዎቹ ተስማምተው በፈረሙት ውል በዚህ ስም የሚጠራው ቢራ የኮሎኝና የአካባቢዋ ብቻ ሆኗል።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚበልጠው የኮልሽ ጥቅም ግን ጽዋው ነው። ቀጭንና ቀጥ ያለ ብርጭቆ ሲሆን የሚይዘው የሊትር አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ልዩነቱን በሒሳብ ተመልከት። በኦክቶበርፌስት የሚቀዳው አንድ ሊትር በውስጡ 60 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው፤ ግማሽ ሊትር ሄለስ 25 ሚሊ ሊትር፣ ግማሽ ሊትር ራድለር 12.5 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ብርጭቆ ኮልሽ ግን 10 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንዱ የበዓል ብርጭቆ ከስድስት ብርጭቆ ኮልሽ ይበልጣል። ሁለቱም ሰዎች «አንድ ብቻ ጠጣሁ» ይላሉ፤ የጠጡት ግን እኩል አይደለም።

በኮሎኝ አሳላፊዎቹ ሰማያዊ ልብስ ለብሰው ኮበስ ይባላሉ፤ በአገሩ አነጋገር ያዕቆብ ማለት ነው። ብርጭቆው ባዶ መሆኑን ካዩ ሳይጠየቁ ሌላ ያስቀምጣሉ፤ ከብርጭቆው ሥር ባለው ክብ ካርቶን ላይም በእርሳስ አንድ ጭረት ይጨምራሉ። እንግዳው ይህን ካላወቀ ሲያመጡለት ያልጠጣ እንዳያስቀይም እየጠጣ፣ ሲጠጣም እየመጣለት ያመሻል። ማቆም የፈለገ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ካርቶኑን አንሥቶ በብርጭቆው አፍ ላይ መክደን። ከዚያ በኋላ የሚለምነው የለም፤ የሚቀየምም የለም። በአገራችን በቃኝ ያለ ሰው እጁን በዋንጫው ላይ እንደሚከድን ነው፤ ልዩነቱ እኛ እጁን አንሥተን ደግመን መቅዳታችን ነው።

ባልደረባችን በካርቶኑ ላይ ያለውን ጭረት ሲቈጥር አየነው። ሁለት ነበር። ጋባዦቻችን በሞቀ ጨዋታ ላይ ሳሉ ቀስ ብሎ ካርቶኑን ብርጭቆው ላይ ከደነው። ኮበሱም ራሱን ነቅንቆ አለፈ። ወጣቱ እስከ መጨረሻው ከሰዎቹ ጋር ሲጫወት አመሸ፤ ስለ ሥራው ለተጠየቀውም ሁሉ በሚገባ መለሰ። ያን ካርቶን ወደ አገሩ ይዞት እንደ ተመለሰ እናውቃለን፤ ለእናቱ እንዳሳያቸውም ነግሮናል።

ከዚህ ሁሉ ለጀማሪ የሚሆነውን ምክር በአጭሩ እንሰብስብ። አንደኛ፣ ከስሙ አስቀድሞ ኃይሉን መጠየቅ ነው፤ በጠርሙሱም ላይ በቁጥር ተጽፏል፤ ከመቶ 5 እጅ የሚያልፈውን ለመጀመሪያ ቀን መተው ይሻላል። ሁለተኛ፣ ምሬት የሚያስቸግረው ሰው ከፒልዝነር ይልቅ ሄለስን፣ ኮልሽን ወይም ቫይስቢርን ይምረጥ፤ ከዚህም የሚለዝብ ከፈለገ ራድለር አለ። ሦስተኛ፣ ሁልጊዜ ትንሹን ብርጭቆ ይጠይቅ፤ በባዶ ሆድ አይጠጣ፤ ውሃም በአጠገቡ ይኑር። አራተኛ፣ ልክን የሚወስነው ከመቀመጡ በፊት ይሁን፤ ከሁለተኛው ጽዋ በኋላ የሚደረግ ውሳኔ የመጠጡ ውሳኔ ነውና።

ደግሞም ነፍሰ ጡር ሴት፣ ነጂ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህ ምክር የተጻፈላቸው አይደሉም። እንደ አገራችን አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ዓ.ም. ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል ልክ እንደሌለ አስታውቋል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ያልጠጣ ሰው ባይጀምር ምንም አይጐድልበትም፤ በሙኒክ ዛፍ ጥላ ሥርም የሎሚ ውሃ ይዞ የሚቀመጥ ሰው እንደ ሌላው እንግዳ ይከበራል።

የቀረው ነገር የእኛ የጋባዦቹ ድርሻ ነው። በቤታችን «ስለ እኔ ሞት» እያልን እንግዳን ማስጨነቅ የፍቅር ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ፍቅሩ መልካም ነው፤ መቅጃው ግን የእንግዳውን እጅ ባየ ጊዜ መቆም ይገባዋል። ለጀማሪ ከለስላሳ ቢራ ይልቅ የሚለሰልስለት ነገር በቃኝ ሲል የሚሰማው ጋባዥ ነው።